ቡሃቃው ላይ የቀረው ሊጥ

እሷ፦ ዩኒየን ሲቲና ፍሪሞንት ያላችሁ አድማጮች፣ ድፎ ዳቦው ተበልቶ አልቋል፤ የተቦካበት ሳህን ግን ሲንክ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ያፈስበታል።

እሱ፦ ኧረ ተዉ! የስንዴ ሊጥ ግሉተን በሙቀት ይጠነክራል፤ ስታርቹም ሙጫ ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ነው።

እሷ፦ ከዚያ በስፖንጅ?

እሱ፦ ስፖንጁማ ሊጡን ውጦ አብሮ ይበላሻል! በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቁት። እጅ ላይ የቀረውን ደግሞ ደረቅ ዱቄት ነስንሳችሁ እሹት፤ እየተንከባለለ ይረግፋል።

እሷ፦ ጤፉ ግን እንዲህ አያስቸግርም።

እሱ፦ ግሉተን የለውማ! ደግሞ የእንጀራ ቡሃቃ ማን አጥርቶ ያጥባል? ግድግዳው ላይ የቀረው ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ ነው። ዳቦ ላይ ነው ችግሩ።

እሷ፦ የተፋቀውስ? በሲንኩ ይለቀቅ?

እሱ፦ በፍጹም፣ ቱቦ ይደፍናል። የዩኒየን ሲቲ፣ የፍሪሞንትና የኒውአርክ ፍሳሽ የሚጣራው እዚሁ አልቫራዶ ጣቢያ ነው፤ ሊጣችንን ወደዚያ አንላክ።

እሷ፦ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በካሊፎርኒያ ሕግ የምግብ ትራፊ ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ ነው የሚጣለው። እባካችሁ፣ የተፋቀውን ሊጥ አረንጓዴው በርሜል ውስጥ ጣሉት።