በባዕድ ገበታ፤ በሰው አገር ኖረው ስለ ምግብ የጻፉ ሰዎችን ስለ ማንበብ



ዛሬ የማነሣው ርእስ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉባኤ የቀለለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም ሰዎች ከአገራቸው ወጥተው በባዕድ አገር ሲኖሩ የበሉትንና የጠጡትን የተረኩባቸውን የትዝታ መጻሕፍት የሚመለከት ነው። አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ለትምህርት ሳይሆን ለደስታው ሲል ይፈልጋቸዋል። ስለሆነም ደስታው ከምን እንደሚመነጭ መመርመር ከሙያችን ውጭ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ጁሊያ ቻይልድ የተባለች አሜሪካዊት በ1948 ከባለቤቷ ጋር በመርከብ ፈረንሳይ ስትገባ ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ዓመት ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ ግን አታውቅም። ከለ ሃቭር ወደብ ወደ ፓሪስ ሲጓዙ ሩዋን ከተማ ላይ ለምሳ ቆሙ፤ በዚያም በቅቤ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበላት። «ማይ ላይፍ ኢን ፍራንስ» በሚል ርእስ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ በ2006 በታተመው መጽሐፏ ይህ ምሳ የሕይወቷ መታጠፊያ ሆኖ ተተርኳል። ዓሣና ቅቤ በየአገሩ አለ። አንባቢውን የሚይዘው አንዲት ጎልማሳ ሴት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ምግብ ምንም እንደማታውቅ በአንዲት ጉርሻ መረዳቷ ነው። በማግስቱ ዓመት ኮርዶን ብሉ ከተባለው የወጥ ቤት ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ከሀ ሁ ጀመረች።

የእነዚህ ጽሑፎች ደስታ፣ እንደ እኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው። በአገሩ የተከበረ ሰው በባዕድ ገበያ መካከል ቆሞ ሽንኩርትን በስሙ ጠርቶ መግዛት ያቅተዋል። አንደበቱ እስኪፈታ ድረስ ምላሱ ይቀድመዋል፤ አገሩን ከመናገሩ በፊት ይቀምሰዋል። እኛም በወንበራችን ላይ ተቀምጠን ከእርሱ ጋር እንደገና ሕፃን እንሆናለን።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ አጥርታ የጻፈችው ፉሽያ ደንሎፕ የተባለችው እንግሊዛዊት ትመስለኛለች። በ1994 ለትምህርት ወደ ቻይና ሄዳ የሴቿን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በቼንግዱ ተቀመጠች፤ በኋላም የዩኒቨርሲቲውን ጥናት ወደ ጎን ትታ ከከተማዋ ወጥ ቤቶች ጋር ሙያ መማር ያዘች። በ2008 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእስ የሻርክ ክንፍንና የሴቿንን ቅመም ያጣምራል። ይህ ቅመም እንደ ሚጥሚጣችን አያቃጥልም፤ ከንፈርን ያደነዝዛል። ከመጽሐፉ ውስጥ የማይረሳኝ ስለ ዝይ አንጀትና ስለ መሰሎቹ ምግቦች የጻፈችው ነው። የራሳቸው ጣዕም እምብዛም የሆኑትን እነዚህን ነገሮች ቻይናውያን የሚወዷቸው በጥርስና በምላስ መካከል ስለሚሰጡት ስሜት ነው፤ እርሷ ግን ይህን ለማድነቅ ረጅም ጊዜ ፈጅቶባታል። ዱለት በልቶ ያደገ አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ደራሲዋ ግን አንድን ሕዝብ በእውነት ለማወቅ ምላስን እንኳ እንደገና ማስተማር እንደሚያስፈልግ በዚህ አሳይታለች።

ትንሽ ነገርም ይበቃል። ኤም. ኤፍ. ኬ. ፊሸር በ1937 ባሳተመችው መጽሐፍ በስትራስቡርግ የመንደሪንን ክፍልፋዮች በቤት ማሞቂያው ብረት ላይ አድርቃ፣ ከዚያም በመስኮቱ ደፍ በረዶ ላይ አቀዝቅዛ እንደምትበላ ጽፋለች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ግን ያነበበው ሰው መንደሪን በላጠ ቁጥር ይታወሰዋል።

ፒተር ሜይል በ1989 ባሳተመው «ኤ ይር ኢን ፕሮቫንስ» በተባለው መጽሐፍ የደቡብ ፈረንሳይን ኑሮ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በየወሩ ይተርካል። መጽሐፉ ከመወደዱ የተነሣ አንባቢዎች ቤቱ ድረስ እየመጡ ስላስቸገሩት ለጥቂት ዓመታት ከዚያ ለቅቆ ለመሄድ ተገዷል። ያስቃል፤ ጎረቤቱና ግንበኛው ሁሉ ግን መሳቂያ ሆነው መቅረባቸው ያሳስበኛል። በገበታው ላይ ተቀምጦ ባለቤቱን መዝለፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነውና።

የተሣለው ገበታ የራስ ሲሆን ምን እንደሚሰማ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ፣ በጎንደር ኖሮ፣ የጉዞውን ታሪክ በ1790 አሳተመ። ከነነፍሷ ካለች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱን የለንደን ሰዎች እንደ ተረት ቆጠሩት። በማያውቁት አገር ላይ ማመንም መካድም የቀለለ ነበር። የእኛ አንባቢ ግን ብሩስን የሚያነበው ከሌላው ወገን ተቀምጦ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ሲባል ቢላውንና አዋዜውን ያስባል፤ የላሟን ታሪክ ለብቻው ለይቶ ይመዝናል። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1853 መጽሐፉን ያሳተመው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ሦስት ዓመት ያህል የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ እየሄደ ኖሯል። የገበታ ምስክር ስፈልግ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አስቀድማለሁ።

በሰው አገር የኖሩ የእኛ ሰዎችስ? በአሜሪካ የሚገኙ ወገኖቻችን በ1980ዎቹ በአይዳሆ ጤፍ ለገበያ መዘራት እስኪጀምር ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ማቦኪያ በተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። በርበሬው፣ ሽሮውና ድርቆሹ በሻንጣ ተሻግሯል። ዓይን አላወጣ ስላለ እንጀራ በየቤቱ በቡና ሰዓት ሲወራ እንሰማለን፤ በመጽሐፍ ተጽፎ ግን እምብዛም አናየውም። በቤይሩትና በሪያድ ማድ ቤቶች የሌላውን ምግብ እያበሰሉ ዓመታት ያሳለፉ እኅቶቻችንም አሉ። የባዕድን ማድ ቤት በማወቅ ከቻይልድ አያንሱም፤ ልዩነቱ እርሷ በውዴታዋ መግባቷና በፈለገች ጊዜ መውጣት መቻሏ ነው። የእነርሱ ትዝታ ቢጻፍ ደስታው ከመራራ ጋር የተደባለቀ ይሆናል፤ ቢሆንም እርሱን የመሰለ መጽሐፍ በመደርደሪያችን ላይ ለማየት እጓጓለሁ። ከእኛ መካከል በመቅጃ ቃላቸውን ለመቀበል ጊዜ ያለው ባልደረባ ቢገኝ ተናጋሪዎቹ ዛሬ በሕይወት አሉ።

ለጊዜው በእጃችን ያለውን እናስተካክል። እነዚህ መጻሕፍት በዲዊ አመዳደብ አንዳንዴ በ641 ከምግብ አሠራር መጻሕፍት ጋር፣ አንዳንዴ ከ914 እስከ 919 ባለው የጉዞ ክፍል፣ አንዳንዴም በ920 ከሕይወት ታሪክ ጋር ተበታትነው ይገኛሉ። የወጥ አሠራር ሊማር 641 ዘንድ የመጣ ሰው የቻይልድን ትዝታ ገልጦ መጠኑንና የማብሰያውን ደቂቃ ሲያጣ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ሊያነበው የሚችለው ሰው ደግሞ በዚያ መደርደሪያ በኩል አያልፍም። በጉዞው ክፍል እንዲቀመጡና በ641 ላይ ጠቋሚ እንዲደረግላቸው ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በዚህ የማይስማማ ባልደረባ ካለ ከዕረፍቱ በኋላ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።