የምድር ዕረፍትና የዐጸድ ሕግ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የሚለው ስም በዛሬው ቀን በሁሉ አፍ ይነገራል፤ ድግሱም ዝማሬውም ስለ እርሱ ነው። ነገር ግን ይህ ስም የበዓል ስም ከመሆኑ አስቀድሞ የሕግ ስም እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ እስራኤል ስድስት ዓመት ዘርተው በሰባተኛው ምድሪቱን እንዲያሳርፉ ታዘዙ። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላም በ50ኛው ዓመት መለከት ተነፍቶ ባሪያው አርነት እንዲወጣ፥ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ፥ ምድሪቱም ሳትታረስ እንድትከርም ተደነገገ። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ሰው ለሰው ያለበትን ብቻ ሳይሆን ለምድርም ያለበትን ዕዳ የሚያስብበት ዓመት ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ስለ ምድርና ምድርን ስለሚጠብቀው ሕግ መናገር የተገባ ሆኖ ተገኝቷል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው የጮቄ ተራራ ይታየዋል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጨሞጋ፥ ጀደብ፥ ሙጋ፥ ሱሃ፥ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከእርሱ ፈልቀው በየአቅጣጫው ወርደው በመጨረሻ ሁሉም ወደ ዐባይ ይገባሉ። በቀድሞው ዘመን ጫፉን ጓሳና ጅብራ፥ ከዚያ ዝቅ ያለውን አስታ፥ ከዚያም በታች ያለውን ቀርቀሃና ኮሶ አልብሰውት ይኖሩ ነበር። ዛሬ ግን የገብስና የድንች እርሻ ዳገቱን እየወጣ ጓሳውንና አስታውን አሳንሶታል። ይህም የሆነው ገበሬው ምድርን ስለ ጠላ አይደለም። አባት ለልጅ፥ ልጅም ለልጅ ልጅ ማሳውን ሲያካፍል መሬቱ እየጠበበ፥ የቤተ ሰቡ ቍጥር እየበዛ ስለ ሄደ፥ ቀድሞ ለከብት እንኳ የማይመች ገደል ዛሬ ይታረሳል።

ዛፍና ሣር በተነሣ ጊዜ የሚሆነውን ነገር ደገኛው ሁሉ በዐይኑ ያየዋል። ዝናቡ የሚያርፍበት ቅጠል፥ የሚሰርግበት ሥር ስለሚያጣ በምድር ላይ ይሮጣል፤ ሲሮጥም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በክረምት ጎርፍ የሆነው ውኃ በበጋ ምንጭ ሊሆን የሚገባው ነበር። በቅኔ ቤት ቋንቋ ቢነገር ሰሙ ዛፉ ነው፥ ወርቁም ውኃው ነው፤ ሰሙን ያቀለጠ ሰው ወርቁን ይዞ አይቀርም።

የዚህ ጥፋት መጠን ተለክቷል። በምዕራብ ጎጃም ከደምበጫ በስተ ሰሜን ባለችው በአንጀኒ በ1976 ዓ.ም. በስዊስ አገር ርዳታ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፥ የዝናቡን ብዛትና የሚታጠበውን አፈር ሲመዘግብ ኖሯል። የዚህን ሥራ የመሩት ስዊሳዊው ሊቅ ሀንስ ሁርኒ እንደ ገመቱት፥ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረሰው ምድር ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ 420 ኩንታል ነው። ከዚያው ሄክታር የሚታፈሰው ጤፍ ወይም ገብስ የዚህን ዐሥረኛ እጅ እንኳ አያህልም። ስለዚህ ገበሬው አንድ ኩንታል እህል ወደ ጎተራው ሲያስገባ ከዐሥር ኩንታል የሚበልጥ አፈር ለወንዝ እየሰጠ ነው። በዚያው በአንጀኒ ግን እርከን የተሠራለት ተዳፋት አፈሩን እየያዘ፥ ዓመት በዓመት ደልደል እያለ እንደ ሄደ ታይቷል። ጥፋቱ እንደ ተለካ መድኃኒቱም ተለክቷል ማለት ነው።

ዐባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚል ምሳሌ አለ። ዐባይ ዛሬ ማደሪያ አግኝቷል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና። ነገር ግን ወንዙ ወደ ማደሪያው ይዞት የሚገባው ግንድ ብቻ አይደለም። ከጎጃም ደጋ የሚታጠበው አፈር ቀድሞ በሱዳን የሮሴሪስን ግድብ ሲሞላ ኖሮ፥ ዛሬ አብዛኛው በገዛ አገሩ ግድብ ውስጥ ይተኛል። እንግዲህ በጮቄ ዳገት የተሠራ እርከን ለአንዱ ገበሬ ብቻ ሳይሆን ለመላው አገር ብርሃን ይጠቅማል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ከሩቅ የሚታይ ሌላ ነገር አለ። በጎጃምም ሆነ በጎንደር በተራቈተው ሜዳ መካከል እንደ ደሴት ብቅ ያለ ጥቍር ደን ያየ መንገደኛ፥ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሳይጠይቅ ያውቃል። ጽዱና ወይራው፥ ዝግባውና ዋንዛው፥ ኮሶውና ብሳናው በሌላው ስፍራ ጠፍተው በዐጸዱ ውስጥ ቀርተዋል። ጣልያኖች በ1930 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ያነሡትን ፎቶግራፍ ከዛሬው ጋር በደቡብ ጎንደር ያስተያዩ ሊቃውንት፥ በዙሪያው የነበረው ቍጥቋጦ ተመንጥሮ እርሻ እስከ ቅጽሩ ሲደርስ፥ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ግን እንደ ጸና አግኝተውታል። በእነዚያ ሰማንያ በሚያህሉ ዓመታት የአገሩ መንግሥትና የመሬቱ ሥርዐት ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ዐጸዱ ግን ሁሉን አሳለፈ።

ስለ ምን ጸና? ሦስት ነገር ስለ ነበረው ነው። ፊተኛው፥ ወሰኑ የታወቀ ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ቅጽሩ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ ያውቃል። ሁለተኛው፥ ጠባቂው ቅርብ ነው፤ ካህኑ፥ ዲያቆኑ፥ የቅኔ ተማሪውና የአጥቢያው ሰው ሌሊትና ቀን በዚያ ነው፤ በድብቅ የሚቈርጠውን ሰው ከዳኛ ቅጣት ይልቅ ግዝት ያስፈራዋል። ሦስተኛው፥ ጥቅሙ የጋራ ነው፤ ከፀሐይ የሚያስጠልለው ጥላ፥ ከሥሩ የሚፈልቀው ጠበል፥ ንቡም ወፉም የሁሉ ነው። ወሰኑን፥ ጠባቂውንና ባለ ጥቅሙን አንድ ላይ ያገኘ ሕግ ይጸናል፤ ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ሕግ ደግሞ በብራና ቢጻፍም ይፈርሳል።

ይህም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በመንዝ ጓሳ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት የጓሳውን ምድር ሲጠብቁ ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ወገኖች አለቃ መርጠው፥ ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ዘግተው፥ በተቈረጠ ቀን ከፍተው ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ የቀድሞውን ሥርዐት ሲሽር ጠባቂውም አብሮ ተሻረ፤ ምድሩም ተጐዳ። ኋላ ግን የአገሩ ሰው ማኅበር አቁሞ እንደ ዘመኑ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም በብዙ አገር በዘመቻ የተተከለው ደን በጥቂት ወራት ተጨፍጭፏል፤ የተከለው ሰው የእኔ ነው አላለውምና።

እንግዲህ የተጻፈውን ሕግ በዚህ ሚዛን መመልከት ይገባል። ሕጉ የለም የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ በ92ኛውም አንቀጽ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 299 ፋብሪካም ሆነ ሌላ ታላቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በምድርና በሰው ላይ የሚያመጣው ነገር እንዲመረመር ያዝዛል። በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ ውኃን፥ አየርንና አፈርን የሚበክለውን ይከለክላል፤ ከዚህም በላይ ማንም ሰው የራሱ ጥቅም እንደ ተነካ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ አቤት እንዲል፥ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ባያገኝ ወይም በውሳኔው ባይረካ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ወንዝ አፍ አውጥቶ መክሰስ ስለማይችል ሕጉ ሰውን ሁሉ ጠበቃው አደረገው።

ስለ ዳገት እርሻም ሕግ ተጽፎ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቍጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት፥ ይኸውም በ100 ክንድ ርቀት ከ60 ክንድ በላይ ከፍ የሚል ዳገት፥ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፥ ለዛፍና ለመኖ ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ ከዚያ ዝቅ ያለውም በእርከን ካልሆነ እንዳይታረስ አለ። በ2016 ዓ.ም. በሌላ ዐዋጅ እስኪተካ ድረስ ይህ ቃል የአገር ሕግ ነበር። በዚያው ዘመን ግን በጮቄ ዳገት ላይ በሬ ተጠምዶ ይታይ ነበር። ሕጉ እውነት ተናግሯል፤ ሌላ ማሳ የሌለው ገበሬ የት ሄዶ ይረስ ለሚለው ጥያቄ መልስ ካልተጨመረበት ግን ዳገቱን ብቻውን ሊጠብቀው አልቻለም። የደን ዐዋጆችም ይህን ቀስ በቀስ ተምረዋል፤ የ1999ኙ ዐዋጅ ደንን የግልና የመንግሥት ብሎ በሁለት ብቻ ሲከፍል፥ በ2010 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ጨምሮ አወቀ።

የዓለም መንግሥታትም በዚሁ ነገር ሲመክሩ ኖረዋል። በ1964 ዓ.ም. በስቶክሆልም፥ በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ ተሰብስበው ስለ አየር ንብረትና ስለ ሕያዋን ፍጥረታት ጥበቃ ስምምነት አወጡ። ከሁሉም የተሳካው በመስከረም 1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል የተፈረመው ነው። በማቀዝቀዣና በመሰሉ ዕቃዎች ውስጥ የነበረው ኬሚካል ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደውን ኦዞን የሚባለውን የአየር ሽፋን ሲበላው ተገኘ፤ መንግሥታቱ ሁሉ ተስማምተው ኬሚካሉን በየደረጃው ስለ ከለከሉ ሽፋኑ እያገገመ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረገው ስምምነት ግን እንዲህ አልቀለለም። የዓለም ሙቀት ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው ከ2 ዲግሪ እጅግ በታች እንዲሆን፥ ቢቻል ከ1.5 እንዳያልፍ ተባለ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር 2024 ዓ.ም. ብቻውን ሲታይ ከ1.5 ማለፉን የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አስታውቋል። ኬሚካሉን የሚሠሩት ጥቂት ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ ወሰኑም ጠባቂውም የታወቀ ነበር፤ ጭሱ ግን ከእያንዳንዱ መንግሥት ሀብት ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ ሁሉም ቅጽሩን ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። የጎጃም ገበሬ ለዚህ ጭስ ያዋጣው እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፥ ዝናቡ ሲዛባ የሚጎዳው ግን እርሱ ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ደብሩ ደጅ ይመለሳል። ዐጸዱ እስከ ዛሬ ጸና ማለት ወደ ፊትም ይጸናል ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በ1967 ዓ.ም. ርስቷን ካጣች በኋላ ለመብራትና ለጧፍ፥ ለካህናትም መተዳደሪያ ገንዘብ ስለሚያስፈልጋት በብዙ ስፍራ በወይራውና በጽዱ መካከል ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለ ውለታ ነው፤ በአገሩ ደን መካከል ሲገባ ግን ውኃውን ይሻማል፥ በሥሩም ቡቃያ አያሳድግም። ከብትም ወደ ዐጸዱ ሲገባ ችግኙን ይበላል፤ ያን ጊዜ ደኑ ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተውበት ልጅ እንደሌለው ቤት ይሆናል። አዲስ አዳራሽ፥ አዲስ መቃብርም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይቈርሱታል። የቤተ ክርስቲያንን ደን ያጠኑት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን መክረው፥ የአገሩ ሰው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ እንዲክብ አድርገዋል። በዚህ ሥራ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፥ ደኑም ከከብት ተጠበቀ።

ስለዚህ ከዚህ በዓል በኋላ ሦስት ነገር ከደብሩ ልጆች ይጠበቃል። መጀመሪያ በቅጽሩ ውስጥ ያለው ሕግ ይጽና፤ ባሕር ዛፍ ከቅጽሩ ውጭ ለብቻው ይተከል፥ ካቡ ይታደስ፥ አንድ ጽድ ከመቈረጡ በፊት ሰበካው ይምከርበት። ሁለተኛ፥ በአጥቢያው ያለ ምንጭ ሁሉ እንደ ዐጸዱ ወሰንና ጠባቂ ይሰጠው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገሩ ሁሉ ችግኝ ይተከላል፤ ችግኝ ግን በሐምሌ ተተክሎ በጥር የሚያጠጣው ካላገኘ ዛፍ አይሆንምና፥ ለተተከለው ሁሉ ጠባቂ ይመደብለት። ሦስተኛ፥ ሕጉ ይነገር። የአገሩ ሕግ የሚታተምበት ወረቀት እስከ ዛሬ ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል፤ ነጋሪቱ በስሙ ላይ ቀርቷል፥ ድምፁ ግን ወደ ገጠር አይደርስም። የተማሩ ወጣቶች የሕገ መንግሥቱን 44ኛ አንቀጽ፥ የአቤቱታውንም መብት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ለአባቶቻቸው ያንብቡ። የሰማ ሰው ይጠይቃል፤ የሚጠይቅ ሲኖር ሹሙም ይነቃል።

ይህን ዐጸድ የተከሉት አባቶች ጥላውን ሳያዩ አርፈዋል፤ ዛሬ በጥላው ሥር የተቀመጠው ሕዝብም ከእነርሱ የተቀበለውን ሳያጐድል ለተከታዩ ያስረክብ ዘንድ ይገባዋል። ቀጣዩ ኢዮቤልዩ ሲከበር የሚመጡት ልጆች የአባቶቻቸውን ሥራ በዚህ መጽሐፍ ከማንበባቸው በፊት በምንጩና በዛፉ ያነቡታል።

የዘመናት ጌታ እግዚአብሔር ምድሪቱን ከጥፋት፥ ጠባቂዎቿንም ከድካም ይጠብቅ። አሜን።