የጋራ መተላለፊያ በግል ማሳ ላይ፤ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ



መንገድ ሲባል በመሐንዲስ ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ጠጠር የለበሰ ወይም አስፋልት የተነጠፈበት የተሽከርካሪ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ በደጋው የሚኖረው ገበሬ ዕለታዊ ጉዞውን በአብዛኛው የሚፈጽመው በየትኛውም የመንገድ ካርታ ላይ ባልሰፈረ መንገድ ነው። ይኸውም ከቤት ወደ ምንጭ፣ ከማሳ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የእግርና የጭነት እንስሳት መንገድ ነው። ይህ መንገድ ባለቤት የለውም፤ የሚያልፍበት መሬት ግን ባለይዞታ አለው። እንግዲህ የዚህ ንግግር ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ የብዙ ሰው መተላለፊያ የሆነ መንገድ የአንድን ገበሬ ማሳ አቋርጦ ሲያልፍ፣ ማሳውም መንገዱም ሳይጠፉ አብረው እንዴት ይኖራሉ?

በየሽማግሌው ፊት የሚቀርበው ክርክር ብዙውን ጊዜ «መንገዴን ዘጋብኝ»፣ «ሰብሌን አስረገጠብኝ» የሚል ነው። ነገሩ በምህንድስና ዓይን ሲመረመር ግን ከአብዛኛው የመንገድ ጠብ በስተጀርባ የጎርፍ ጠብ ይገኛል። ከመንገዱ የሚወርደውን ውሃ ማን ይቀበላል? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የመንገዱም ሆነ የድንበሩ ጥያቄ ተመልሶ አይቆይም።

1. የመሬቱ ጠባይ

ለምሳሌነት የተመረጠው መካነ ሰላምና አካባቢው ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ምድሩ ወደ ለጋምቦ ብርዳማ ደጋ ይወጣል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከከተማይቱ አምባ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ማሳው፣ እርከኑ፣ የግጦሽ መሬቱና ቤቱ ተያይዘው ስለሚገኙ፣ ማንኛውም ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሌላውን ሰው ይዞታ ሳይረግጥ ሩቅ ሊሄድ አይችልም።

በዚህ ምድር መንገድ መቅደድ ከጥንት ጀምሮ የተዳፋት ጥበብ ነው። ከቦረና በስተ ሰሜን በሚገኘው የመቅደላ አካባቢ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማጓጓዝ በጂዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ አሠርተዋል። እግረኛ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ገደል መድፍ ሊወጣው አይችልም። የመንገድን ተዳፋት የሚወስነው በላዩ የሚያልፈው ጭነት መሆኑን ያ ሥራ በጉልህ አስተምሯል። ይኸው ሕግ ስንዴና ጤፍ ጭና ለምትወጣ አህያም ይሠራል።

2. መንገዱ እንዴት ይሞታል?

በማሳ መካከል የሚያልፍ መንገድ የሚጠፋው በሁለት ወገን ነው። በበጋው ወገን ማረሻ ይቀንሰዋል። ገበሬው ድንበሩን ሲያርስ በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ወደ መንገዱ ቢገባ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይሄድበት የነበረው መንገድ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ይሆናል። ይህን «ድንበር ገፊነት» ብሎ በክፋት ብቻ መተርጎም አይገባም። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ማሳን 100 ሜትር ያህል ካቋረጠ 150 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ይህም ሩብ ሄክታር ያህል ከሚሆነው ከአንድ ጥማድ መሬት ላይ 6 በመቶ ነው። ለአነስተኛ ባለይዞታ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በክረምቱ ወገን ደግሞ እግረኛው መንገዱን ያሰፋዋል። ዋልካው ዝናብ ሲጠጣ እግር ይይዛል፤ መንገደኛውም ጭቃውን ሸሽቶ ዳር ዳሩን ይረግጣል፤ ዳሩ ሲጨቀይ ወደ ሰብሉ ይገባል። ባለማሳው በእሾህ ያጥራል፤ መንገደኛው አጥሩን ይዞራል። እንዲህ እየሆነ አንዱ መንገድ ሦስት ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን በዝግታ የሚመጣው ጉዳት ነው። የሰውና የከብት እግር አፈሩን ይደፈጥጠዋል፤ መንገዱ ከግራና ከቀኝ ማሳ ዝቅ ይላል። ገበሬውም ከእርሻው ውሃ ለማውጣት የሚቀደውን ፈሰስ ዝቅ ወዳለው ስፍራ፣ ማለትም ወደ መንገዱ ይለቀዋል። ለምሳሌ ያህል 1.5 ሜትር ስፋትና 400 ሜትር ርዝመት ባለው መንገድ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና ውሃው ሳይሰርግ ቢወርድ፣ ከመንገዱ ገጽ ብቻ 18 ሜትር ኩብ ውሃ ይገኛል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሞላ 90 በርሜል ማለት ነው። ግማሽ ሄክታር ማሳ ፈሰሱን ወደዚሁ መንገድ ቢከፍትና ከዝናቡ ሲሶው ብቻ ቢወርድ ተጨማሪ 50 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ጠባብ መስመር ሲወርድ መንገዱ ቦይ፣ ቦዩም ቦረቦር ይሆናል። ሕዝቡ ቦረቦሩን ትቶ በአጠገቡ ሌላ መንገድ ያወጣል፤ እርሱም በተራው ቦረቦር ይሆናል። በዚህ ሁኔታ መንገዱ ማሳውን የሚበላው በእግረኛ ብዛት ሳይሆን መውጫ ባላገኘ ውሃ ነው።

3. ስፋቱ በማን ይለካ?

የመንገድ ስፋት ሲወሰን አንድ ጤነኛ እግረኛ መለኪያ ሊሆን አይገባውም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው በቃሬዛ፣ በአራት ሰው ትከሻ ነው። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ሆነው የሚሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን መራመጃ ያስፈልጋቸዋል። መንገዱ ጠቦ አንደኛው ተሸካሚ በቦይ ውስጥ፣ ሌላው በትልም ላይ ከተራመደ ቃሬዛው ያዘነብላል፤ በሌሊትና በዝናብ ደግሞ ጉዞው ይቆማል። ስለሆነም ለዋና መተላለፊያ 1.5 ሜትር የማይቀነስ ስፋት እንዲሆን ማሰብ ተገቢ ነው። ይህ ስፋት የተጫነች አህያንም በሰብሉ ላይ ሳታሻሽ ያሳልፋል። ሁለት የተጫኑ እንስሳት የሚተላለፉበት ሰፋ ያለ ቦታ ግን በመንገዱ ሁሉ ላይ ሳይሆን በየመካከሉ፣ ለእርሻ በማይመች ድንጋያማ ስፍራ ላይ ቢዘጋጅ ይበቃል።

4. ሕጉና መዝገቡ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለሌላው ስለሚሰጠው አገልግሎት ደንብ አበጅቷል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ ግን ገበሬው ባለይዞታ እንጂ ባለርስት መባሉ ቀረ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የመስኖ ቦይና ሌላ መሠረተ ልማት በይዞታው ላይ ሲያልፍ ባለይዞታው የመፍቀድ ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ ነበር፤ ይህም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የአማራ ክልልም በ1998 ዓ.ም. በቁጥር 133፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 252 የራሱን የመሬት አዋጆች አውጥቷል።

የሕግ ቃል ከመዝገብ ጋር ካልተጋባ ግን በማሳው ላይ አይታይም። በክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተሰጠው የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ ማሳው የሚታወቀው በአራቱ አዋሳኞቹ ነበር። በዚህ አሠራር በማሳው ዳር የሚያልፍ መንገድ «በምዕራብ መንገድ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በማሳው መካከል የሚያቋርጥ መንገድ ግን አዋሳኝ ስላልሆነ የሚጻፍበት መስመር የለውም። መንገዱ በሰው ትዝታ ብቻ ይኖራል፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ምስክሩም ያልፋል። በኋላ የመጣው በካርታ የተደገፈ ልኬት ይህን ጉድለት ለመሙላት ዕድል ይሰጣል፤ ለካዩ የማሳውን ድንበር ሲያነሳ መተላለፊያውንም አብሮ ካነሳ ብዙ ክርክር ከመወለዱ በፊት ይቀራል።

5. ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሕግ በግል እርሻ ላይ የሚያልፉ የሕዝብ መንገዶች በይፋ ካርታ እንዲመዘገቡ አዘዘ። እ.ኤ.አ. የ1968 ሕግ ብስክሌተኞች በፈረስ መንገዶች ላይ እንዲሄዱ ሲፈቅድ፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጡ ግዴታ ጣለባቸው። እ.ኤ.አ. የ1990 ሕግ ደግሞ ገበሬው በማሳው መካከል የሚያልፈውን መንገድ በመደበኛ የእርሻ ሥራ እንዲያርስ ፈቀደለት፤ ሆኖም ለመጀመሪያው እርሻ በ14 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለሚደረገው በ24 ሰዓት ውስጥ ገጹን አስተካክሎ፣ ለእግረኛ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ለፈረስ 2 ሜትር አድርጎ እንዲመልስ አዘዘ። የዚህ ሕግ ጥበብ ገበሬውን «አትረስ»፣ መንገደኛውንም «አትለፍ» አለማለቱ ነው፤ የሁለቱን መብት በጊዜና በልክ አስታርቋል። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ሜዳማ ማሳ ላይ ተመሳሳይ ስምምነት ሊሠራ ይችላል። በቁልቁለት ላይ ግን የታረሰ መንገድ በአንድ ዝናብ ስለሚታጠብ ማረሱ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ደግሞ ለመንገድ ቀዳጆች ቀላል መመሪያ አበርክቷል። የመንገዱ ተዳፋት መንገዱ ከሚያልፍበት የኮረብታ ተዳፋት ግማሽ አይብለጥ፤ አማካዩም ከ10 በመቶ በላይ አይሁን። ለምሳሌ ኮረብታው 16 በመቶ ቢያዘቀዝቅ የመንገዱ ተዳፋት ከ8 በመቶ አይለፍ። እንዲህ ሲሆን ውሃው መንገዱን ተከትሎ ከመሮጥ ይልቅ አቋርጦት ያልፋል። መመሪያው የተጻፈው ለብስክሌት ቢሆንም ውሃ የጎማን መንገድ ከኮቴ መንገድ አይለይም። በእርጥብ አፈር ላይ ጎማ ያልተቋረጠ ቦይ ስለሚቀድ፣ ከዝናብ በኋላ መንገዱን ለጥቂት ጊዜ መዝጋትም ከዚሁ ሙያ የተገኘ ልማድ ነው።

በአገር ውስጥም በሰሜን ወሎ፣ በመቄት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንግዶች በእርሻ መካከል በእግር እየተጓዙ ገበሬዎች በሚያስተዳድሯቸው ጎጆዎች እንዲያድሩ አድርጓል። ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ በሚያካትተው የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያም ለእግረኛ ወይም ለብስክሌተኛ እንግዳ መንገድ ቢታሰብ፣ ከገቢው ለመንገዱ ጥገናና ማሳው ለተነካበት ገበሬ የሚሆን ድርሻ ከመነሻው መቆረጥ ይኖርበታል።

6. ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ መስመሩ በስምምነት ይመረጥ። በድንበር ላይ የሚያልፍ መንገድ ኪሳራውን ለሁለት ባለይዞታዎች ያካፍላል፤ ከላይ የተጠቀሰው 150 ካሬ ሜትር ለእያንዳንዳቸው 75 ይሆናል። ይሁን እንጂ ድንበሩ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ፍትሕ ወደ ድንበሩ፣ ውሃ ወደ አግድሙ ይስባሉ። በዚህ ጊዜ ውሃው ሊደመጥ ይገባዋል፤ መንገዱ በአግድም፣ በእርከን ዳር ይሂድ፤ ይበልጥ የተጎዳው ገበሬም በእርከንና በቦይ ሥራ ቅድሚያ ተሰጥቶት በጉልበት ይካስ።

ሁለተኛ፤ ለውሃው መውጫ ይሰጠው። ከመንገዱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ገጹ ወደ ቁልቁለቱ ወገን በጥቂቱ ያዘንብል፤ በየርቀቱ አግድም የተጋደሙ ድንጋዮች ተተክለው ውሃውን ያውጡት። ተዳፋቱ ሲበረታ ድንጋዮቹ ይቀራረቡ። ውሃው የሚወጣበት ስፍራ ሣር የበቀለበት ወይም እርከን የሚቀበለው ሆኖ፣ የታችኛው ባለማሳ አስቀድሞ የተስማማበት ይሁን። ደረጃ ግድ በሚሆንበት ዳገት ላይ ደግሞ እርምጃው ዝቅ ያለና ረጅም ይሁን፤ የተጫነ እንስሳ በአጭር ደረጃ ላይ እግሩን ማሳረፊያ አያገኝም።

ሦስተኛ፤ ጥገናው ባለቤት ይኑረው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄደው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በመኪና መንገድ ለማገናኘት ታስቦ የተነሳ እንጂ በየማሳው የሚያልፈውን መተላለፊያ የሚጠብቅ አልነበረም። በወሎ ግን ሟችን ለመቅበር፣ ሐዘንተኛን ለማጽናናት የተቋቋመው ቅሬ አባሉን የሚያዝበትና የሚቀጣበት የራሱ ሥርዓት አለው። ሬሳንም ሕመምተኛንም የሚሸከመው ቅሬ በመሆኑ፣ የመንገዱን መጥበብ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ክረምት ሳይገባ በግንቦት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም አንድ ቀን የቅሬው አባላት በአንድነት ወጥተው ድንጋዩን ቢያቃኑ፣ ቦዩንም ቢጠርጉ ሥራው ለማንም አይከብድም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

አራተኛ፤ ስምምነቱ ይጻፍ። የመንገዱ መነሻና መድረሻ፣ ስፋቱ፣ የውሃው መውጫና የጥገናው ተራ በአንድ ገጽ ሰፍሮ በቀበሌው የመሬት መዝገብ ይቀመጥ፤ ልኬት ሲካሄድም በካርታው ላይ ይውጣ።

ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው፤ የውሃ ልክና ሜትር ይዞ አንድ ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር መንገዱን መሄድ፣ ውሃው የት እንደሚወጣም ማሳየት። ወጪው ከአንድ የመኪና ድልድይ ወጪ ጋር አይነጻጸርም። ውጤቱ ግን በክረምት ሌሊት ቃሬዛ ተሸክመው በሚወጡ አራት ሰዎች እርምጃ ይለካል፤ ያች እናት በደኅና ከደረሰች፣ በማግስቱም ባለማሳው ሰብሉን ሳይረገጥ፣ አፈሩንም ሳይታጠብ ካገኘው፣ መንገዱ በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው።