ስማቸው ያልተጻፈ ፈታዮች

የመገናኛው ድንኳን አሠራር በመለኪያና በቁሳቁስ ዝርዝር የተሞላ ስለሆነ ብዙዎቻችን ዘለነው እናልፋለን፤ ያሳዝናል። ዘጸአት 35ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እግዚአብሔር ባስልኤል የተባለውን ሰው በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ የሞላው ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ፣ ሙያውንም ለሌሎች እንዲያስተምር ነው። እኔን ይበልጥ የሚነኩኝ ግን ስማቸው ያልተጻፈው ሴቶች ናቸው። በገዛ እጃቸው የቀለም ፈትሉን፣ በፍታውን፣ የፍየል ጠጉሩንም ሳይቀር ፈተሉ። መጽሐፉም ጥበበኞች ይላቸዋል።

እንዝርት የምታሾሩ፣ መሶብ የምትሰፉ፣ ጥለት የምትሸምኑ ወገኖቼ፣ ዛሬ ይህን ክፍል በልባችሁ ይዛችሁ ሥሩ። ማታ ደግሞ ምዕራፍ 36ን ለልጆች አንብቡላቸው፤ ሕዝቡ ለድንኳኑ ሥራ ስጦታ ከማብዛቱ የተነሣ ሙሴ «ይበቃል» ብሎ አሳወጀ።