ለባሕር ማዶ ተልእኮ የሚነሣ ሰው ስንቅና ጓዝ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ጥቂት ቃል ልናገር ያሰብሁት ወንጌልን ለማስተማር፤ ሕሙማንን ለማከም ወይም ምእመናንን ለማገልገል ከአገሩ ወጥቶ በባሕር ማዶ ብዙ ዘመን ሊቀመጥ ስለ ተላከ ሰው ነው። ይህ ሰው ምን ይዞ፤ ምንስ ትቶ መሄድ ይገባዋል? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሻንጣ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ቀርበው ሲመረምሩት ግን የሕይወትና የሞት፤ የተልእኮውም መቃናትና መሰናከል ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለሩቅ መንገድ ሲሰናዱ በሶውን፤ ዳቦ ቆሎውን፤ ድርቆሹንና ቋንጣውን አስቀድመው ያዘጋጁ ነበር። ይህን ስንቅ ይሉታል፤ የቀረውን ጓዝ ይሉታል። ስንቅ የመንገደኛውን ነፍስ የሚያቆይ ነው፤ ጓዝ ግን ቢኖር የሚመች፤ ቢቀርም የማይገድል ነው። እንግዲህ የመንገደኛ የመጀመሪያ ጥበቡ ስንቅን ከጓዝ ለይቶ ማወቅ ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን የስኮትላንዱ ተወላጅ የሐኪሙና የሚሲዮናዊው የዴቪድ ሊቪንግስተን ታሪክ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሊቪንግስተን በ1866 ዓ.ም. ለመጨረሻው ጉዞ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ግመሎች፤ ጎሾች፤ በቅሎዎችና አህዮች፤ ብዙ አሽከሮችም ነበሩት። በጥር ወር 1867 ዓ.ም. ግን ሁለት ሰዎች የተሸከሙትን ይዘው ጠፉ። ከጠፋው ሸክም ውስጥ የመድኃኒቱ ሣጥን ነበረበት። ሣጥኑን ዘወትር ተጠንቅቆ ይሸከም የነበረው ልጅ በዚያ ቀን ብቻ ሸክሙን ከሌላው ጋር ተለዋውጦ ኖሮአል። ሊቪንግስተን ይህን በማስታወሻው ሲጽፍ የሞት ፍርድ የተፈረደበት ያህል እንደ ተሰማው ገልጦአል። ከዚያ በኋላ በንዳድና በሆድ ሕመም ብዙ ተሠቃየ፤ ከጠረፍ ወደ ኡጂጂ የተላከለት ዕቃም ተዘርፎ ቆየው፤ በ1873 ዓ.ም. ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር ዐረፈ። ለሞቱ ምክንያቱ የሣጥኑ መጥፋት ብቻ ነበር ለማለት አይቻልም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሁሉ በአንድ ሣጥን፤ ሣጥኑም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መሆኑ ምን ያህል እንደ ጎዳው ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ ሸክማችንን አውሮፕላን ይሸከምልናል፤ ሻንጣ ግን ዛሬም ይጠፋል። ስለዚህ ዘወትር የሚዋጥ መድኃኒት ያለው ሰው በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከቶ አያስቀምጠው። ከነማሸጊያውና ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር በእጁ ይያዝ። የፓስፖርቱንና የሌላውንም ሰነድ ግልባጭ አንዱን በሌላ ሻንጣ፤ አንዱን በቤተ ሰቡ ዘንድ ያኑር። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ካልሆነ አያስገቡም። የቢጫ ወባ ክትባት ከመግቢያው ቀን ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወጋት አለበት፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ወደ ወባ አገር የሚሄድ ሰው መከላከያውን ሐኪም እንዳዘዘው ከመነሣቱ በፊት መጀመር ይገባዋል። ይህ ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት የሚሠራ አይደለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ በእኛ አገር ሰው ዘንድ ስለሚበዛው ችግር፤ ስለ አደራ ዕቃ ልናገር። የመሄጃው ቀን ሲቃረብ ዘመድ ሁሉ እየመጣ፤ ይህችን በርበሬ ለልጄ፤ ይህችን ሽሮ ለእኅቴ አድርስልኝ ይላል። ብዙዎቹ አየር መንገዶች የአንዱን ሻንጣ ክብደት በ23 ኪሎ ይወስናሉ። የሰው አደራ 15 ኪሎ ከያዘ ለተላኪው የሚቀረው ስምንት ኪሎ ነው። ይሉኝታ ይዞት መጽሐፉንና ጫማውን ያወጣል። ከዚህም የከፋ አለ። ተሰፍቶ የመጣን ጥቅል ሳይፈቱ መቀበል ትልቅ አደጋ ነው። በአገራችን ያልተከለከለው ጫት በእንግሊዝ አገር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሎአል። ቋንጣም ቢሆን በብዙ አገር ጉምሩክ ይወረሳል። እንግዲህ ወዳጆቼ፤ አደራ ሰጭው ዘመድ በተላኪው ፊት ጥቅሉን ይፍታ፤ ተላኪውም ፈትቶ ለማየት አይፈር። አደራ የሚከብረው ምንነቱ ሲታወቅ ነው።

ከልብስ ለአገሩ አየር የሚስማማ ጥቂት፤ ከጫማ ያልተለማመዱትን አዲስ ሳይሆን እግር የለመደውን መያዝ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚይዝ ሰው የአገሩን ኃይል አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የእኛ 220 ቮልት ሲሆን እንደ ጃማይካ ባሉ አገሮች 110 ቮልት ነው። ጃማይካን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያች ደሴት አገልግሎቷን መሥርታለች። ስለዚህ አገራችን መልእክተኞችን የምትቀበል ብቻ ሳትሆን የምትልክም ናት።

ከሁሉ የሚበልጠው ስንቅ ግን በሚዛን አይመዘንም። እንግሊዛዊው ሃድሰን ቴይለር ወደ ቻይና ሳይሄድ ገና በአገሩ ሳለ ቋንቋውን መማር ጀመረ፤ ሕክምናም ተማረ፤ የአጃ ገንፎና ሩዝ እየበላ በጥቂት ነገር መኖርን ራሱን አስለመደ። በመስከረም 1853 ዓ.ም. በመርከብ ተነሥቶ ከአምስት ወር በላይ በባሕር ላይ ቆይቶ በ1854 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጀመሪያ ሻንግሃይ ደረሰ። በ1855 ዓ.ም. የቻይናን ልብስ ለበሰ። ብዙ የገዛ ወገኖቹ ሣቁበት፤ የአገሩ ሰዎች ግን አቀረቡት። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው የሚያስተምረውን ያህል የሚማርም ካልሆነ ሻንጣው ቢሞላም ባዶ እጁን ሄዶአል።

በመጨረሻም በኋላ ስለሚተወው ነገር ያስብ። ዕዳ ቢኖርበት ይክፈል፤ ንብረት ቢኖረው ውክልናውን በሕግ ፊት ለታመነ ሰው ይስጥ፤ የተጣላው ቢኖር ይታረቅ፤ ሽማግሌ አባትና እናት ያሉት ከሆነ ማን እንደሚጦራቸው ሳይወስን አይነሣ። ቂምና ዕዳ ባሕር ቢሻገሩ አይቀሉም።

እናንተም ላኪዎች ሆይ፤ ሰውን ሸኝታችሁ አትርሱት። ሻንጣውን ከማክበድ ይልቅ ደብዳቤ አብዙለት።

የተላኩትን ሁሉ እግዚአብሔር መንገዳቸውን ያቅናላቸው፤ በደኅና ወስዶ በደኅና ይመልሳቸው።