ስም ይዞ የሚሄድ ሥራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዕደ ጥበብ ክፍል አባላት ያቀረቡት ንግግር)



የክፍላችን የሽያጭ ሪፖርት በየእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ስላለ እሱን አናነብም። በተሰጠን ጊዜ ስለ አንዲት ሠዓሊ ልንነግራችሁና ከእሷ ሥራ የተነሳ አንድ ሐሳብ ልናቀርብላችሁ ነው የመጣነው። ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ ናት።

ጁሊ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ መምህር፣ እናቷ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። ቤተሰቡ በ1977 አገር ለቆ ወደ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት ሲሄድ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ያ ጊዜ ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበር እዚህ ለተቀመጡት ታላላቆቻችን መንገር አያስፈልግም። በወጣትነቷ ሴኔጋል፣ ዳካር ሄዳ ተማረች። በኋላ በሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ገብታ በ1997 በማስተርስ ዲግሪ ተመረቀች። መኖሪያዋ ኒውዮርክ ነው፤ ሥዕሏ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። የከተማ ካርታ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የስታዲየም ንድፍ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረብበታል። በርሊን ሄዳ ስትሠራ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠፉትን የጀርመን ሕንፃዎች በቀጭን መስመር እየሣለች አነባበረቻቸው። ከመካከላችን አንዷ ፎቶውን አይታ «ልቃቂት ተፈቶ ሕፃን የተጫወተበት ይመስላል» አለች። እኛ በምስጋና ነው የወሰድነው፤ የተወሳሰበ ክር ጫፉን ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የምታውቅ ሴት ናት የተናገረችው።

ብዙ ሰው የሚያውቃት በትልልቅ ሸራዎቿ ነው። በ2023 አንዱ ሥዕሏ ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እኛን የሳበን ግን የኅትመት ሥራዋ ነው።

በ2016 ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ከኒልስ ቦርክ የንሰን የኅትመት ቤት ጋር «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተባለ ሥራ ሠራች። ስድስት ረጃጅም ወረቀቶች ጎን ለጎን ተሰቅለው አንድ ሥዕል ይሆናሉ፤ ወርዱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። በዚያን ጊዜ የሶርያ ጦርነት ከተጀመረ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከሥር የደበዘዘ ፎቶግራፍ አለ። በፎቶው ላይ በእጅ የተሣሉ የደማስቆ ሕንፃዎች ተነባብረዋል። ከዚያ በላይ የእሷ የብሩሽ ምት እንደ ጭስ፣ እንደ አቧራ ይጋልባል።

አሠራሩን ስንጠያይቅ ከሁሉ የገረመን ስኳር ነው። አዎ፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር። የኅትመት ሠዓሊ በስኳርና በቀለም ብጥብጥ በብረት ሳህን ላይ ትሥላለች። ሲደርቅ ሳህኑ በሙሉ በቫርኒሽ ይሸፈናል። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሲገባ ስኳሩ እየሟሟ ቫርኒሹን ከላዩ ይገፈዋል፤ ብሩሽ ያረፈበት ቦታ ብቻ ብረቱ ይገለጣል፤ አሲዱም ያንን ብቻ ይበላዋል። በተበላው ጉድጓድ ቀለም ይሞላል፣ የተረፈው በጨርቅ ይወለወላል፣ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በከባድ ማሽን ይጫናል። ፎቶውም ቢሆን በዚሁ ዓይነት መንገድ፣ በብርሃንና በአሲድ፣ ሳህን ላይ ይቀረጻል። ፎቶግራቩር ይሉታል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ሳህን የሚያዘጋጅ፣ ቀለም የሚሞላ፣ የሚወለውል፣ ወረቀት የሚያነሳ አለ። እንጀራ ለሠርግ ቤት ሲጋገር እንዳለው የሥራ ክፍፍል ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። እንዲህ ያለ ኅትመት በተወሰነ ቁጥር ነው የሚታተመው። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በእርሳስ ቁጥር ይጻፋል፤ ከሃያው ሦስተኛው ከሆነ 3/20 ይባላል። ሠዓሊዋ ትፈርምበታለች። የኅትመት ቤቱም ብዙ ጊዜ ምልክቱን ወረቀቱ ላይ ይረግጥበታል። ወረቀቱ ቶኪዮ ይሂድ ለንደን፣ ማን ሠራው፣ የት ተሠራ፣ ስንተኛው ነው ለሚለው መልሱ አብሮት ይጓዛል።

የእኛ መሶብስ? የእኛ ሰፌድ፣ የእኛ ጥልፍ? ዋሽንግተን ደርሶ ከአንድ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል «የኢትዮጵያ የእጅ ሥራ» ነው የሚባለው። ስንደዶውን የለቀመችው፣ አክርማውን ቀለም የነከረችው፣ ሦስት ወር ጎንበስ ብላ የሰፋችው ሴት የለችበትም። ነጠላ ላይ ደግሞ ከሸማኔው በፊት ጥጡን የፈተለችውን እዚሁ አገር ውስጥም የሚጠይቃት የለም።

ስለዚህ ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ትንሽ ካርድ እንዲሄድ እንጠይቃለን። የሠሪዋ ስም፣ የረዷት ስም፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ የዚያ ዓመት ስንተኛ ሥራዋ እንደሆነ ይጻፍበታል።

በክፍላችን ስብሰባ ላይ ተቃውሞ ነበር፤ እዚህም መሰማት አለበት። አንዳንዶች «ገዢው ስም እየመረጠ ቢያዝ እኩል መካፈላችን ይቀራል» አሉ። እውነተኛ ሥጋት ነው። የክፍያው ደንብ እንዳለ እንዲቆይ፣ ትእዛዝም በስም ሳይሆን በማኅበሩ በኩል ብቻ እንዲቀበል ተስማምተናል። ሌሎች ደግሞ ገቢያቸው በዘመድ ዘንድ እንዲታወቅ አይፈልጉም። ይህንንም የምትነቅፍ ሴት ከመካከላችን አልነበረችም። ስሟን የማትፈልግ በመረጠችው ምልክት ትጠቀም፤ የአንድ አበባ ጥልፍም ቢሆን።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው ፎቶግራፍን የተመለከተ ነው። ጁሊ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሥዕሏን የምትጀምረው ብዙ ጊዜ ከዜና ፎቶ ነው፤ የአመፅ፣ የእሳት፣ የጦርነት ፎቶ። ግን በኮምፒውተር ታደበዝዘውና በላዩ ትሥላለች። እኛ እንደምናየው የተጎዳውን ሰው ፊት ለገበያ አታወጣም፤ የሆነው ነገር ክብደት ግን ሥዕሉ ውስጥ ይቀራል። ለሪፖርታችሁ ፎቶ እንደሚያስፈልጋችሁ እናውቃለን፣ አንከለክልም። የእጃችንን፣ የሥራችንን፣ የመርፌውን ፎቶ አንሱ። ፊት ሲሆን ባለቤቷ ፎቶውን አይታ «ይሁን» ካለች በኋላ፣ ከስሟ ጋር ይሁን። «ችግረኛ እናት» የሚል መግለጫ ከሥሩ እንዳይጻፍ አጥብቀን እንለምናለን።

በነገራችን ላይ ጁሊ በ2016 ሥራዎቿን ይዛ መጥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሳይታ ነበር። ማዕከሉ ሩቅ አይደለም፤ ክፍላችን በሚቀጥለው ወር በዚያ ያለውን ኤግዚቢሽን ለማየት ይሄዳልና መሄድ የምትፈልጉ ተመዝገቡ።

የካርዱን ሦስት ናሙናዎች መግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። አንዱ በአማርኛ ብቻ፣ አንዱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ሦስተኛው ማንበብ ለማትችል እህታችን የጣት አሻራ ቦታ ያለው ነው። ከሻይ ዕረፍት በኋላ በእጅ ብልጫ ድምፅ ስለምንሰጥ፣ እባካችሁ አይታችሁ ግቡ።