በዓመቱ ጉዞ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የዓመቱን ሒሳብ ቀደም ብለን አቅርበናል። «የእናቶችና የልጆች ጉዞ» በሚለው መስመር ላይ ብዙ ጥያቄ ስለተነሣ፣ ሰብሳቢያችን ለብቻው እንድንናገርበት ጊዜ ሰጥታናለች።

ከገንዘቡ እንጀምር። ለቋንቋ ትምህርትና ለሥራ ሥልጠና ከተሰጠን እርዳታ አንዲት ክሮና ለጉዞው አልወጣችም። ወጪው የተሸፈነው በፋሲካ ሰሞን ከሸጥነው ቡናና እንጀራ፣ እንዲሁም እናቶች ካዋጡት ነው። አንድ ልጅ ያላትና አራት ልጆች ያሏት እኩል ከፍለዋል። ይህ አግባብ አይደለም ያላችሁን ሰምተናል። እኛ ግን ዕድርም የቤተሰብ ቁጥር አይጠይቅም እንላለን፤ ያለዚያ ብዙ ልጆች ያሏት እናት ሁልጊዜ ቤት ቀሪ ናት።

የሄድንበት ቦታ ናንታሊ ይባላል፤ በፊንላንድ ምዕራብ ዳርቻ ያለች የባሕር ከተማ ናት። ከስቶክሆልም ማታ በመርከብ ተሳፍረን ጠዋት ቱርኩ ደረስን፤ ከዚያ በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም። ከተማይቱ በ1443 በገዳም ዙሪያ የተቆረቆረች ናት። የገዳሙ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ባሕሩን እያየ ቆሟል፤ ከእኛም አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ገብተው ወጥተዋል። ከወደቡ ትንሽ እንደተጓዙ በእግረኛ ድልድይ ወደ ካይሎ ደሴት ይሻገራሉ። በ1993 የተከፈተው የሙሚኖች መንደር ያለው እዚያ ነው። የሚያሽከረክርም ሆነ ሽቅብ ወርውሮ የሚያስጮኽ መጫወቻ የለውም። ያለው ሰማያዊ ክብ ቤት፣ ደን፣ የባሕር ዳርቻ፣ ቲያትርና ከመጽሐፍ የወጡ የሚመስሉ፣ ልጆችን የሚያቅፉ ገጸ ባሕርያት ናቸው። «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርነው?» ያለች እህት ነበረች። ማታ ከደሴቱ ለመውጣት የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።

ሙሚኖችን የፈጠረችው ቶቬ ያንሶን በ1914 ሄልሲንኪ ተወለደች፤ ፊንላንዳዊት ብትሆንም የምትጽፈው በስዊድንኛ ነበር፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በሚማሩበት ቋንቋ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ በ1939 በጦርነቱ ጊዜ ጀምራ በ1945 አሳተመችው። ታሪኩ እናትና ልጅ የጠፋውን አባት እየፈለጉ፣ የሚያርፉበት ቤት እየፈለጉ በጨለማ ደንና በጎርፍ ውስጥ ሲጓዙ ነው። ይህን ስንሰማ ክፍሉ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። በሱዳንና በሊቢያ አድርገው የመጡ እህቶቻችን ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ከጉዞው በፊት አራት ቅዳሜ አዘጋጅተን ነበር። ልጆቹ በስዊድንኛ ያነባሉ፣ እናቶች በአማርኛ መልሰው ይተርካሉ። መጀመሪያ ልጆቹ እንደ አስተማሪ እናቶቻቸውን ያርሙ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ነገሩ ተገለበጠ፤ ማንበብ የልጆቹ፣ ተረት ማውራት ግን የእናቶች መሆኑ ታየ። ስሞቹንም በራሳችን ለወጥናቸው። ያቺ ትንሽዬ፣ ቁጡ፣ ምንም የማትፈራ ልጅ «ሚጥሚጣ» ተባለች። ቴምብርና ቅጠል እየሰበሰበ ሁሉን በሥርዓት ካላስቀመጥኩ የሚለው ደግሞ «ሒሳብ ሹሙ» ተባለ። ስያሜው ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም። የሙሚን እናት ስም አላስፈለጋትም። ደረቅ ካልሲ፣ ከረሜላና የሆድ መድኃኒት የያዘ ቦርሳ ከእጇ አይለይም፤ ሁሉም የየራሱን እናት አወቀባት።

የበለጠ ያወያየን በ1962 የወጣው የማትታየው ልጅ ታሪክ ነው። ኒኒ የምትባል ልጅ ስታሳድጋት የነበረችው ሴት በፌዝና በቀዝቃዛ ንግግር ስላሸማቀቀቻት ከዓይን ጠፋች። የት እንዳለች የሚታወቀው አንገቷ ላይ በታሰረች ቃጭል ብቻ ነው። የሙሚን እናት ከአያቷ ማስታወሻ ያገኘችውን መድኃኒት በቡና ትሰጣታለች፣ ልብስ ትሰፋላታለች፣ ሳታስጨንቅ ታስቀምጣታለች፤ ልጅቷም ከእግሯ ጀምሮ ቀስ በቀስ መታየት ትጀምራለች። ፊቷ የሚመለሰው ግን በመጨረሻ፣ በተቆጣች ጊዜ ነው። እዚህ ላይ እናቶች ተከራከሩ። ግማሾቹ «ልጅ ካልተቆጡት ይባልጋል» አሉ። አንዲት እህታችን ግን ቤት ስታጸዳ ውላ ስትገባ ልጇን የምታናግረው «ብላ፣ ተኛ፣ ስልኩን ዝጋ» በሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ መሆኑን ቆጥራ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ክርክሩ አልተመለሰም።

ደሴቱ ላይ ይህ ሁሉ ፍሬ አፈራ። ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ትንሿ ገጸ ባሕርይ ስታልፍ ልጆቻችን በአንድ ድምፅ «ሚጥሚጣ!» ብለው ጮኹ፤ እሷም ቃሉን ሳታውቀው ወገቧን ይዛ ዞረች። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲጠየቅ በስዊድንኛ ብቻ የሚመልስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በሰማያዊው ቤት ደረጃ ላይ የእናቱን እጅ ይዞ የማትታየውን ልጅ ታሪክ እንደገና እንድትነግረው ለመነ። «በአማርኛው» አላት። እናቱ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ እየተረከች ወጣች፤ ከኋላ የነበርነውም ላለማቋረጥ ቀስ ብለን ወጣን። ይህን በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደምንመዘግበው አናውቅም፤ ለጋሾቻችን እንዲሰሙት ግን እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንዲት እናት ከልጇ ጋር አራቱንም ቅዳሜ መጥታ፣ መዋጮዋን ከፍላ፣ አልሄደችም። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይዋ ገና አላለቀም፤ ያለ ወረቀት ድንበር መሻገር ደግሞ ለእሷ ጨዋታ አይደለም። ገንዘቧን በሳምንቱ መልሰናል። ልጅቷ ወደብ ድረስ መጥታ ጓደኞቿን ሸኘች። ይህ በሪፖርቱ ላይ አይታይም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው በጋ ሁለት ሐሳብ አቅርበናል። አንዱ ናንታሊን መድገም ነው፤ ብዙ ልጆች የሚፈልጉት ይህን ነው። ሁለተኛው እዚሁ ስዊድን ውስጥ ቪመርቢ ወደሚገኘው የአስትሪድ ሊንድግሬን ዓለም መሄድ ነው። ባሕር የለውም፤ ነገር ግን መርከብ አያስፈልገውም፣ ዩሮ መመንዘር የለም፣ ድንበርም የለም። የፒፒ መጽሐፍም እንደ ሙሚን የወጣው በዚያው በ1945 ነው፤ ለቅዳሜዎቹ የሚሆን ታሪክ አይጠፋም። እኛ የሒሳብ ክፍሎች ሁለተኛውን እንደግፋለን፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ግን አይደለም።

ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። መዝገቡ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ልጆች ያላችሁ ዕድሜያቸውን፣ የሌላችሁ ደግሞ በየትኛው ቅዳሜ ልትተርኩ እንደምትችሉ ጻፉልን።